የጦር መርከቧ «ኢንተርፕራይዝ» እና የስደቱ ዘመን ፎቶግራፎች

«ኢንተርፕራይዝ» የእንግሊዝ ንጉሣዊ ባሕር ኃይል ቀላል ክሩዘር፣ ማለትም መካከለኛ መጠን ያላት ፈጣን የጦር መርከብ፣ ነበረች። በኢትዮጵያ ታሪክ ስሟ የሚነሣው ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ እቴጌ መነንንና አብረዋቸው የነበሩትን መሳፍንትና መኳንንት ከጅቡቲ ተቀብላ ወደ ሃይፋ ስላደረሰች ነው። ስለዚያ ጉዞ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መርከቧ ራሷ ግን በአማርኛ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው።

የተሠራችው በስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ፣ በጆን ብራውን የመርከብ ግንባታ ድርጅት ነው። ሥራው በ1918 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ አካሏ በታኅሣሥ 1919 ውኃ ላይ ወረደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ስላበቃ ግንባታው ተጓተተና አገልግሎት የጀመረችው በ1926 ነው። 80,000 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሞተሮቿ በሰዓት 33 ኖት፣ ማለትም ወደ 61 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያስኬዷት ነበር። ሰባት ባለ 152 ሚሊ ሜትር መድፎችና ሦስት የጭስ ማውጫዎች ነበሯት።

ፎቶግራፍ ለሚመረምር ሰው ዋናው መለያዋ ከፊት ለፊቷ ነው። መንትያዋ «ኤመራልድ» በዚያ ስፍራ አንዱ ከአንዱ ከፍ ብለው የተተከሉ ሁለት ነጠላ መድፎች ሲኖሯት፣ በ«ኢንተርፕራይዝ» ላይ ግን ሁለቱ መድፎች በአንድ ዝግ የብረት ማማ ውስጥ ተጣምረው ይታያሉ። ማማው ለሙከራ የተገጠመ ነበር፤ ውጤቱ ስላማረ ከእሷ በኋላ የተሠሩ የእንግሊዝ ክሩዘሮች ባለ ጥንድ መድፍ ማማን ወርሰዋል።

በማይጨው ከደረሰው ሽንፈት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ከአዲስ አበባ ተነሡ። በመርከቧ ከተሳፈሩ በማግስቱ፣ ሚያዝያ 27፣ የኢጣሊያ ጦር ዋና ከተማዋን ያዘ። ስደቱ ተገቢ ነበር ወይ የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም፤ የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ጉባኤ በብዙኃን ድምፅ ሲደግፈው፣ እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉ አርበኞች አጥብቀው ተቃውመውታል። ይሁን እንጂ ጃንሆይ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የሀገራቸውን አቤቱታ ማሰማታቸው የጉዞውን ዓላማ በማያሻማ መንገድ ያሳያል።

መርከቧ ሃይፋ የደረሰችው ሚያዝያ 30 ነው። ፍልስጥኤም ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ነበረች፤ የዐረቦቹ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማም ከተጀመረ ገና ሳምንታት አልፈውታል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዕለት በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። የአቀባበሉን ሥዕል ካተረፉልን መካከል በኢየሩሳሌም ይሠራ የነበረው «አሜሪካን ኮሎኒ» የተባለው የክርስቲያኖች ማኅበር የፎቶግራፍ ክፍል ይገኝበታል። የክፍሉን ኔጋቲቮች ፎቶግራፍ አንሺው ኤሪክ ማትሰን ለአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት አስረክበዋል፤ ዛሬ ማንም ሰው በኢንተርኔት ሊያያቸው ይችላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ውለታ ነው። በዚያ ክፉ ሳምንት የኢትዮጵያ ዘውድ የነበረውን ክብር በዓይናችን እንድናይ ያደረጉን እነዚህ ምስሎች ናቸው።

የስደቱን ፎቶግራፎች ስንለይ ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጃንሆይ ግንቦት 15 ቀን ከሃይፋ ወደ ጂብራልታር የሄዱት በ«ኢንተርፕራይዝ» ሳይሆን «ኬፕታውን» በተባለች ሌላ ክሩዘር ነው። ከዚያም «ኦርፎርድ» በተሰኘች የመንገደኞች መርከብ ሳውዝሃምፕተን ገቡ። «ኬፕታውን» የጭስ ማውጫዋ ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ መርከቧ በሙሉ በምትታይበት ምስል ላይ የጭስ ማውጫውን መቁጠር ብቻውን ጥርጣሬውን ያስወግዳል። የመርከቡ ወለል ብቻ የሚታይበት ሲሆን ግን መተማመኛው ከሥሩ የተጻፈው ቀን ነው፤ ያም ቀን በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ መረጋገጥ አለበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ኢንተርፕራይዝ» በኖርዌይ፣ በሕንድ ውቅያኖስና በኖርማንዲ ተዋግታለች። በታኅሣሥ 1943 እ.ኤ.አ. በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ከሌላዋ የእንግሊዝ ክሩዘር ከ«ግላስጎው» ጋር ሆና ሦስት የጀርመን የጦር መርከቦች አሰጥማለች። በ1946 ተሸጣ ዌልስ ውስጥ በኒውፖርት ተፈታታለች።