ቨርቹዋል ማሽኑ ሳይነሳ «ቅንብሩ ልክ አይደለም» ሲላችሁ

ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊጭኑ ሲሉ ከቅንብሩ መስኮት ግርጌ ማስጠንቀቂያ ይወጣባቸውና «ኮምፒውተሬ ተበላሸ» ብለው ይደነግጣሉ። ምንም አልተበላሸም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በኮምፒውተራችሁ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) የለውም፤ የሚበላው ከእናንተው ላፕቶፕ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ፣ ጠላ ከመጥመቋ በፊት ብቅሉንና ጌሾውን እንደምታይ እናት፣ የጠየቃችሁትን ካለው ጋር አስቀድሞ ያስተያያል። ባለፈው አንዲት ተማሪ 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ 4ቱንም ጊጋ ለቨርቹዋል ማሽኑ ሰጥታው የራም መጠን ማስተካከያው ጠቋሚ ቀዩ ክልል ላይ ደርሶ ነበር። ታዲያ ዊንዶውሱ በምን ይሥራ? ወደ 2048 ሜጋባይት ስናወርደው ማስጠንቀቂያው ጠፋ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያደክመው የፕሮሰሰሩ ጉዳይ ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማስነሻ ፕሮግራም) ውስጥ በኢንቴል ፕሮሰሰር ቪቲ-ኤክስ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤኤምዲ-ቪ የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽን እንዲያስኬድ የሚያግዘው አማራጭ ከተዘጋ፣ ቅንብሩን ሺህ ጊዜ ብትነካኩት ባለ 64 ቢቱ ሲስተም አይነሳላችሁም። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ባዮስ ገብታችሁ ክፈቱት። የአይሶ ፋይሉ (ኡቡንቱን የምትጭኑበት ፋይል) ፍላሽ ላይ ከነበረና ፍላሹን ከነቀላችሁትም ማሽኑ ፋይሉን አጣሁት ይላል፤ መልሳችሁ ሰኩት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ይህ ፍተሻ የሚያየው ቅንብሩን ብቻ ነው። አይሶው በግማሽ የወረደ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ሳይወጣ ማሽኑ ተነስቶ መጫኑ መሃል ላይ ሊቆም ይችላል። ያኔ ቅንብሩን ተዉትና ፋይሉን እንደገና አውርዱት።