የጀማሪ መርማሪ ገጸ ባሕርይ እድገት ምንድን ነው?

በቴሌቪዥን የፖሊስ ድራማ ውስጥ ጀማሪ መርማሪ አደገች የሚባለው፣ በመጀመሪያው ክፍል ፈጽሞ የማትወስነውን ነገር ወደ መጨረሻው ስትወስን፣ ተመልካቹም ምክንያቱን ማንም ሳይነግረው ካየው ተነስቶ ሲረዳው ነው። ማዕረግ ሌላ ነው። ከምክትል ሳጅን ወደ ሳጅን ብትሾምም የምስክር ቃል የምትቀበለው እንደ ድሮዋ ከሆነ፣ የተለወጠው ትከሻዋ ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው።

ድራማው ባሕር ዳር ላይ ነው እንበል። 12 ክፍል ባለው ምዕራፍ ጀማሪዋ የአንድ ዓሣ አስጋሪ ሞት ትመረምራለች። ደራሲው ከሁሉ በፊት ጉድለቷን ይወስናል። «ልምድ የላትም» አይበቃም፤ የትኛውም ጀማሪ ልምድ የለውም። «ዝምታ ስለማትችል መልሱን ለምስክሩ ራሷ ታቀብለዋለች» ግን በዓይን የሚታይ፣ ሰው የሚጎዳና ሊታረም የሚችል ጉድለት ነው። በክፍል 1 አንድ አዛውንት ታንኳ ቀዛፊ «ማታ የሞተር ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ልጄ…» ብለው ሳይጨርሱ «ነጩ ጀልባ ነው አይደል፣ አባባ?» ትላቸዋለች። ትንሽ ያመነታሉ፤ ከዚያ «ይሆናል» ይላሉ። መዝገቡ ላይ ግን «ነው» ተብሎ ይሰፍራል፤ በዚያ ቃል የነጩ ጀልባ ባለቤት ይያዛል።

ስህተቱ ዋጋ ካላስከፈለ እድገቱ አይጀምርም። እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ለደራሲው መሣሪያ ይሰጠዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው ምክንያታዊ የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ሰውየው የተያዘው ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለው ደቅ ደሴት ላይ ቢሆንስ? ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ባለጀልባዎች ጠዋትን ይመርጣሉ። ጀማሪዋ ማስረጃዋ እንደሳሳ ስታውቅ ጸጥ ባለ ጠዋት ጉዞውን አዘግይታ፣ ምክንያቱን «ማዕበል» ብላ ልትጽፍ ትችላለች። ይህን ማድረጓ ወይም አለማድረጓ ስለ እሷ ከአሥር የሩጫ ትዕይንት የበለጠ ይናገራል።

ለውጡን ለማሳየት አስተማማኙ መንገድ አንድን ሥራ ደጋግማ እንድትሠራ ማድረግ ነው። በክፍል 1፣ በክፍል 6 እና በክፍል 11 ቃል ትቀበል። በክፍል 6 መቸኮሏን ታውቀዋለች፣ ግን አሁንም ያመልጣታል፤ ይህች መካከለኛ ደረጃ ከተዘለለች ለውጡ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። በክፍል 11 እነዚያኑ አዛውንት ትጠይቅና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትጠብቃለች። አርታኢው ያንን ዝምታ «ረዘመ» ብሎ ከቆረጠው የምዕራፉ ድካም አብሮ ይቆረጣል።

ከዚህም የሚጠልቅ ፈተና ቦታው ራሱ አለው። ጣና ውስጥ ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም። አንድ ምስክር እዚያ ያለ መነኩሴ ከሆኑ ጀማሪዋ የግድ ባልደረባዋን ትልካለች። ቀድሞ ቢሆን የምትፈልገውን መልስ ጭምር ጽፋ ትሰጠው ነበር። አሁን «አባ ምን እንዳዩ ጠይቃቸው፤ እኛ የምናስበውን አትንገራቸው» ብላ ትሸኘዋለች። ያወቀችውን ለሌላ ሰው ማስተማር ችላለችና ይህ ትዕይንት በግሌ ከክፍል 11ኛውም ይበልጥብኛል። (ደሴቱ ላይ እሷን የሚያወርድ ደራሲ ግን የባሕር ዳርን ተመልካች እዚያው ያጣዋል።)

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ አለቃዋ «አድገሻል» ብሎ ተመልካቹ ሊያየው የሚገባውን ይናገርላታል፤ ወይም እሷ ብልህ እንድትመስል ነባሩ ኢንስፔክተር ድንገት ደንቆሮ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው መርሳት ነው፦ በክፍል 4 ያለ ጥፋቱ ያሰረችው ሰው በክፍል 5 ጨርሶ አይነሳም። ክፍሎቹን የተለያዩ ደራሲዎች ሲጽፉ ይህ በቀላሉ ይከሰታል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ማስታወሻ ነው፦ ክፍሉ ሲያልቅ ምን ታውቃለች፣ ማንን በድላለች፣ ማንን ታምናለች፣ ምን ትፈራለች።

ገጹ ለተዋናይቷም ይድረስ። ቀረጻ የሚካሄደው በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቦታ ስለሆነ፣ የክፍል 1 እና የክፍል 11 የወደብ ትዕይንቶች ነፋሱ ሳይነሳ በአንድ ጠዋት ሊቀረጹ ይችላሉ። በሁለቱ መካከል ልብስ ስትቀይር የሁለቱንም ክፍል ገጽ ታንብብ።