ጣልያን ያልሠራው «የጣልያን ቤት»

ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ወጣት በስልኩ ራሱን እየቀረጸ፣ ባለ እንጨት በረንዳ አሮጌ ፎቅ ላይ ጣቱን ቀስሮ «ይሄ ጣልያን የሠራው ነው» ሲል ሰማሁ። አላስቻለኝም፣ ቆምኩ። አሮጌ ቤት ስጠግን ነው የኖርኩት፤ ይቺን ነገር ሳልሰማ የዋልኩበት ሳምንት የለም።

እስቲ እንቁጠር። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በ1933 ወጣ። አምስት ዓመት! ከተማዋ የተቆረቆረችው ደግሞ በ1879 ነው። በመሀል ባለው ሃምሳ ዓመት ሰው ሜዳ ላይ ነው እንዴ ያደረው? አራዳ ዙሪያ ሱቁንም ፎቁንም የመኳንንቱንም ቤት ያቆሙት አርመኖች፣ ህንዶች፣ ግሪኮችና የአገራችን አናጢዎች ናቸው። ጣይቱ ሆቴል ጣልያን ሳይመጣ ስንት ዘመን እንግዳ አሳድሯል። ጥር 2007 ቃጠሎ ሲደርስበት ግን «የጣልያን ቅርስ ነደደ» ያለኝ ሰው አለ፣ ያውም የተማረ።

ጣልያን ምንም አልሠራም አላልኩም። ካዛንቺስና ፖፖላሬ የሚባሉትን ሰፈሮች የሠራው እሱ አይደል? ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ «ኢንቺስ» ከሚባል የጣልያን ድርጅት ነው። ከወረራው በፊትም የሠራ ጣልያናዊ ነበር፤ የአራዳ ጊዮርጊስን ሕንፃ የነደፈው ካስታኛ የሚባል ጣልያናዊ ነው። አሠሪው ግን አፄ ምኒልክ ናቸው፤ ፋሺስቶቹ በ1929 እሳት የለቀቁበትም ይኸው ቤተ ክርስቲያን ነው።

«ማንም ይሥራው፣ ምን ለውጥ አለው?» ይሉኛል። አለው እንጂ! «የጣልያን ነው» ያለ ሰው ግድግዳው ድንጋይ ይመስለዋል፤ ድንጋይ የመሰለው ሰው ደግሞ ሲሚንቶ ይገዛል።

አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ከውጭ ገንዘብ ልኮ ቤታቸውን ከታች እስከ ላይ በሲሚንቶ አስለሰነላቸው። በሦስተኛው ክረምት አስጠሩኝ። ግድግዳውን በመዳፌ ብመታው እንደ ባዶ ጋን ጮኸ። በመዶሻ ጫፍ ፈልቀቅ ሳደርገው አንድ ክንድ የሚያህል ልስን ወደቀ። ከጀርባው ጭቃው እንደ ሊጥ ረጥቧል፤ ማገሩን ምስጥ ጨርሶት በጣቴ ተፈረፈረ።

«ልጄ፣ ጣልያን እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የጭቃ ቤት እኮ ነው።»

በጣም ከፋቸው፤ የሰደብኳቸው ነው የመሰላቸው።

የጭቃ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ በጋ ሲመጣ መልሶ ይደርቃል። ሲሚንቶ ስታለብሱት ውሃው መውጫ ያጣል፤ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ አሸንዳውን ጠግኑ። የቆርቆሮውን ቀዳዳ ድፈኑ። ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ጥረጉ፣ ውሃው ወደ ቦይ ይሂድ። ከዚያ ጭቃውን በጭድ አስቦክታችሁ፣ ቀናት አሳድራችሁ፣ እንደገና ረግጣችሁ ምረጉ። ላዩን ኖራ ቀቡት። «ሲሚንቶ ይሻላል» የሚል ግንበኛ ከመጣ ሻይ አጠጥታችሁ ሸኙት። «ጭቃ ዕድሜ የለውም» ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው፤ ጣራውና እግሩ ከውሃ የተጠበቀ የጭቃ ቤት የልጅ ልጅ ያሳድጋል።

ስለ ከተማዋ የሚወሩት ሌሎቹ ስህተቶች ይህን ያህል አያናድዱኝም። ሰባራ ባቡር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር የተሰበረበት ሰፈር አይደለም፤ ስሙ የመጣው አርመኑ ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ካስመጣው በእንፋሎት ከሚሠራ መኪና ነው። የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፣ ያውም ለገሃር። «የቀበሌ ቤት» ከሚባለውም አብዛኛውን ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወረሰው እንጂ አልሠራውም። መርካቶም ከጥንት እዚያው አልነበረም፤ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፣ ወደ ዛሬው ቦታ ያዛወረው ጣልያን ነው። የሚገርመው ይሄንን ለጣልያን የሚሰጠው የለም።

ወጣቱን ወደ በረንዳው ሥር ወሰድኩት። ልስኑ በተላጠበት በኩል ጭዱ ብቅ ብቅ ብሏል። በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው፣ አፈሩን አሸተተው።

«ውይ፣ ጭቃ ነው ለካ!» አለ።

ማታ ቪዲዮውን እንዳለ ለቀቀው።