ወደ ፕሮሬስ ስንቀይር ፋይሉ ለምን ይተልቃል?

ደሴና ኮምቦልቻ ሰርግ የሚቀርጹ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ቪዲዮውን ወደ ፕሮሬስ ስቀይረው ፋይሉ በጣም ተለቀ። ጥራቱ ጨመረ ማለት ነው?»

አልጨመረም። ፕሮሬስ የአፕል ኮዴክ ነው፤ ኮዴክ ማለት ቪዲዮ የሚታሸግበት ዘዴ ነው። ካሜራው ያልቀረጸውን ምንም ኮዴክ አያመጣውም።

ልዩነቱ አስተሻሸጉ ላይ ነው። ብዙ ካሜራዎችና ስልኮች የሚጠቀሙት ኤች.264 የሚባለው ኮዴክ አንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል) ሙሉ ያስቀምጣል። ለተከታዮቹ ግን በአብዛኛው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። እስክስታው መሃል ላይ ስትቆርጡ ሶፍትዌሩ ያንን ፍሬም ለማግኘት ሌሎቹንም ማስላት አለበት። ላፕቶፑ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። ፕሮሬስ እያንዳንዱን ፍሬም ራሱን ችሎ ያስቀምጣል። ስለዚህ የትም ብትቆርጡ ቶሎ ይከፈታል።

አፕል ፕሮሬስን ያወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሪሚየር የተባለው የአዶቤ ቪዲዮ ማቀናበሪያ በዊንዶውስ ላይ በፕሮሬስ ኤክስፖርት ማድረግ የጀመረው ግን በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። የድሮ ቨርዥን ያለው ሰው አማራጩን ቢያጣው አይገርምም።

ችግሩ ቦታ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ሲቀመጥ ፋይሉ ይተልቃል። ፕሮሬስ 422 የሚባለው ዓይነት በ1080 (ፉል ኤችዲ)፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ለአንድ ሰዓት 55 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ፕሮሬስ ፕሮክሲ የሚባለው ቀለል ያለ ዓይነት ወደ 17 ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ፣ ያውም በሁለት ካሜራ ለተቀረጸ ሰርግ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

እኔ የምመክረው ፕሮክሲ፣ ማለትም የቪዲዮውን ቀለል ያለ ቅጂ፣ ፈጥራችሁ በእሱ እንድትቆርጡ ነው። ኤክስፖርት ስታደርጉ ሶፍትዌሩ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። ኦሪጅናሉን ግን አደራ፣ እንዳትሰርዙት! ለሙሽሮቹ የምትሰጡትን በኤች.264 አውጡ። ፕሮሬሱን በፍላሽ ብትሰጧቸው ቤት ያለው ቴሌቪዥን ላይከፍተው ይችላል።