ድርጅት ሲዘጋ የሠራተኛ የቀዳሚነት መብት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ሆቴል ሲዘጋ ወሬው ቶሎ ይዳረሳል። ጣና ዳር የነበረው ግቢ ይጨልማል፣ በሩ ላይ ጥበቃ ብቻ ይቀራል፣ አስተናጋጆቹ ቀበሌ 14 አካባቢ ሌላ ቤት ሥራ ሲጠይቁ ይታያሉ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ይህን ደጋግመን አይተናል። ያኔ ከሠራተኛው አፍ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ዓመት ሲቆረጥብን የነበረው ጡረታስ?»

ድርጅቱ ከስሮ ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ ንብረቱ ይሸጣል፣ ዕዳው ይከፈላል። ከሥራ ግንኙነት የመጣ የሠራተኛ ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች ቀድሞ እንዲከፈል የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ያዛል። የቀዳሚነት መብት የሚባለው ይህ ነው። ጡረታን በተመለከተ ግን ከቀዳሚነቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ገንዘቡ አሁን ማን እጅ ነው?

የግል ድርጅት ሠራተኛ በአገር ደረጃ ጡረታ ውስጥ የገባው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተካ። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ደመወዟ 8,000 ብር የሆነ የሪዞርት ገንዘብ ተቀባይ እናስብ። ከእሷ 560 ብር፣ ከአሠሪዋ 880 ብር፣ በድምሩ 1,440 ብር በየወሩ ወደ ጡረታ ፈንድ መግባት አለበት። ፈንዱን የሚያስተዳድረው የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው።

ገንዘቡ በየወሩ ገቢ ከተደረገ ሪዞርቱ ቢዘጋም፣ ሕንፃው በሐራጅ ቢሸጥም የልጅቷ ጡረታ አይነካም። ከድርጅቱ ካዝና ከወጣ ቆይቷላ! ነገ ሌላ ሆቴል ብትቀጠር በዚያው የጡረታ መለያ ቁጥሯ ትቀጥላለች፣ የቀድሞው አገልግሎቷም ይደመርላታል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግላ 60 ዓመት ሲሞላት የዘወትር አበል ታገኛለች። አገልግሎቷ ከ10 ዓመት በታች ሆኖ ዕድሜዋ ከደረሰ ግን የሚሰጣት ዳረጎት ነው፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ክፍያ።

ጣጣው ያለው ተቆርጦ ገቢ ባልተደረገው ላይ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያዘገየው ጡረታውን ነው፤ ምክንያቱም ሠራተኛው ወዲያው አያውቅም። ፔሮሉ (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ላይ 560 ብር ተቀንሶ ይታያል፣ ሠራተኛዋም ፈርማ ትቀበላለች። ብሩ ግን ከድርጅቱ አካውንት አልወጣም። እንዲህ ያለው ጡረታ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ድርጅቱ በተዘጋ ቀን ያልገባው መዋጮ የድርጅቱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል፣ በመዝገብ ላይ የማይታዩት ወራትም ኋላ የጡረታ አበል ሲሰላ ያጨቃጭቃሉ። ስለዚህ ድርጅቱ ገና ሳይዘጋ የጡረታ መለያ ቁጥርን ይዞ አስተዳደሩ ዘንድ ሄዶ እስከ የትኛው ወር እንደገባ መጠየቅ ነው። ደመወዝ መዘግየት ከጀመረ ደግሞ ነገ ዛሬ አይባልም።

ሆቴል ቤቶች ውስጥ ደግሞ ሌላም ጨዋታ አለ። መዋጮው የሚሰላው በደመወዝ ላይ ነው። አንዳንድ አሠሪ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ይጽፍና የቀረውን «አበል» ይለዋል። ሰርቪስ ቻርጁም ቲፑም እዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም። በእጅ የሚገባው ብር ደህና ሆኖ ሳለ ጡረታው የሚሰላበት ደመወዝ ግን ትንሽ ነው። ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ እንዴት ይህ ብቻ ይደርሰኛል የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ፕሮቪደንት ፈንድ ለብቻው ይታያል። ከ2003 ዓ.ም. በፊት ብዙ የግል ድርጅቶች የነበራቸው እሱ ነው፤ አዋጁ ሲመጣ በዚያው የመቀጠል ምርጫ ተሰጥቷቸው የቀጠሉ ሠራተኞችም አሉ። ከሁለቱም ወገን እየተዋጣ ይጠራቀማል፣ ሠራተኛው ሲሰናበት በአንዴ ይሰጠዋል። ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ተቀምጦ የሠራተኞች ተወካይም የሚፈርምበት ከሆነ ጥሩ ነው። የባንክ ስቴትመንት ይወጣል፣ የማን ስንት እንደሆነ ይታወቃል። ከድርጅቱ መደበኛ አካውንት ጋር ተቀላቅሎ ከነበረ ግን ሠራተኛው እንደ ማንኛውም ዕዳ ጠያቂ ይሰለፋል። ቀዳሚነቱ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ከጡረታውና ከፕሮቪደንቱ ሌላም የሚጠየቅ አለ። ያልተከፈለ ደመወዝና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ አለ፤ የሥራ ስንብት ክፍያም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ስንብት ይከፈለዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ምክንያቱ መዘጋት ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልበታል። ያችው ገንዘብ ተቀባይ 9 ዓመት ሠርታ ከሆነ በግምት 29,300 ብር ስንብት፣ 16,000 ብር ተጨማሪ፣ በድምሩ ከ45,000 ብር በላይ ይደርሳታል። ጡረታ አለሽና ስንብት አይገባሽም የሚል አለቃ አይጠፋም። በመዘጋት ጊዜ ይህ አባባል አይሠራም።

ክፍያውን የሚፈጽመው ንብረቱን እንዲያጣራ የተሾመው ሂሳብ አጣሪ ወይም ፍርድ ቤት የወከለው ሰው ነው። ሕጉ የሠራተኛውን ጥያቄ ከውሳኔው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ያዘዋል፤ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ንብረት እንደተገኘ ይከፈላል። ሂሳብ አጣሪው ግን ቤት ለቤት እየዞረ ሠራተኛ አይፈልግም። ጥያቄን በጽሑፍ፣ ከማስረጃ ጋር ማቅረብ የሠራተኛው ፈንታ ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ስቴትመንትና መታወቂያ ይያያዛሉ። ፔሮሉ ያለው ፋይናንስ ክፍል ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩም ከሚሸጠው ዕቃ አንዱ ነው። ኮፒ ማውጣት የሚቻለው ቢሮው ክፍት ሳለ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በጊዜ ነው። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ፍርድ ቤት ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይቀራል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው፣ «ሕንፃው ሲሸጥ ሁላችሁም ታገኛላችሁ» ይላል። ሠራተኛው አምኖ ይጠብቃል። ሕንፃው በስምንተኛው ወር ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት መሄድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የቃል ተስፋ ይርጋን አያቆምም ብሎ ማሰቡ ይሻላል፤ ቢያንስ ዕዳው በጽሑፍና በማኅተም ይታመንላችሁ።

ባንክ መያዣ የያዘበት ሕንፃ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን በሕግ ተሰጥቷቸዋል። አብዛኛው የሐይቅ ዳር ሆቴል ደግሞ በብድር የተሠራ ነው። ሠራተኛው «እኔ እቀድማለሁ» ሲል ባንኩ «መያዣዬ ነው» ይላል፣ ክርክሩም ፍርድ ቤት ይገባል። በዚህ ጊዜ አልጋው፣ ማቀዝቀዣው፣ ጀልባውና መኪናው በመያዣ ካልተያዙ ሠራተኛው ዓይኑን እነሱ ላይ ቢጥል ይሻለዋል።

የንግድ ፈቃዱንም ማየት ያስፈልጋል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ዕዳው በመሠረቱ ከማኅበሩ ንብረት አይዘልም። በግለሰብ ስም የተመዘገበ ምግብ ቤት ከሆነ ግን ባለቤቱ በግል ንብረቱም ይጠየቃል።

በመጨረሻ፣ የተዘጋ የሚመስል ሁሉ አልተዘጋም። ሆቴሉ ለሌላ ሰው ተሽጦ ከሆነ ባለቤት መቀየሩ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም፣ የአገልግሎት ዘመኑም ይቀጥላል። አዲሱ ባለቤት ሠራተኛውን ሰብስቦ «አዲስ ውል ፈርሙ» ሲል ብዙው ሥራ እንዳያጣ ፈርቶ ይፈርማል። ከመፈረሙ በፊት የቀድሞው አገልግሎት እንደሚቆጠር ውሉ ላይ በአንድ መስመር እንዲጻፍ መጠየቅ ይቻላል። እንቢ ካለም እንቢታውን ቢያንስ በደብዳቤ ይስጥ።