ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በቤት ውስጥ፦ እንክብካቤ፣ ማሻሻያና ብልሽት ፍለጋ

በአገራችን ቤት ውስጥ ያለ ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት አገልግሎት የወጣ ማሽን ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር። ለረጅም ሰዓት ሥራ የተሠሩ ስለሆኑ ጠንካሮች ናቸው። የሚያስቸግሯቸው ነገሮችም ተመሳሳይ ናቸው፤ በአብዛኛው መብራት፣ አቧራና ያረጀ ዲስክ። ሆኖም ማሽኑ ገና ተንቀራፈፈ ሲባል «ፎርማት ይደረግ» (ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን) ማለት ልማድ ሆኗል። ፎርማት የሶፍትዌር ችግር ይፈታል እንጂ የደከመ ፓወር ሳፕላይን (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ወይም የቆመ ፋንን (ማቀዝቀዣ ማራገቢያን) አያድንም፤ የቤተሰቡን ፎቶና የተማሪውን የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ጠርጎ ይወስዳል። መንስኤው ሳይታወቅ ፎርማት ማድረግ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ፍተሻው ከኤሌክትሪክ ይጀምራል። መስመራችን 220 ቮልት ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ይጠፋል፣ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል ፓወር ሳፕላዩና ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚገጠሙበት ዋና ሰሌዳ) አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ማሽኑን ከሶኬት መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ጥበቃ ነው። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ማሽኑን አያቆየውም። ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ግን ሥራ አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ባትሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚደክም መቀየር አለበት፤ ሌዘር ፕሪንተር ደግሞ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤስ ላይ አይሰካም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ መስመሩ 120 ቮልት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሳፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ማብሪያ አለ። ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ በ220 ሶኬት ከተሰካ ፓወር ሳፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። «100–240» የሚል ጽሑፍ ካለው ግን ቮልቴጁን ራሱ ስለሚለይ ስጋት የለም።

አቧራ የሚጎዳው ሙቀት መውጫ በመዝጋት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ሳሳ ያለ አየር ደግሞ ከፕሮሰሰሩ (ስሌቱን ከሚሠራው ዋና ቺፕ) ላይ የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። በበጋ በአቧራ የተደፈነ ሂትሲንክ (ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠ ሙቀት አውጪ ብረት) ሲጨመርበት ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲብስም ማሽኑ በራሱ ይጠፋል። ለማጽዳት ገመዱ ይነቀላል፤ ቀሪው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያ ቁልፉ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል፤ ከዚያ ሳጥኑ ይከፈትና በለስላሳ ብሩሽ ወይም በብሎወር ይጸዳል። ሲነፋ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ አለበት፤ በኃይል ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ሂትሲንኩ ከተነሳ አሮጌው ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) በአልኮል ተጠርጎ አዲስ ይቀባል፤ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች። ፓወር ሳፕላይን መክፈት ግን ለቤት ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል።

ማሽኑ እየበራ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ቀድሞ የሚጠረጠረው ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነው። ራሙ ወጥቶ ወርቃማው ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ተብሎ ይታሻል፣ ፍርፋሪው ይራገፋል፤ ተመልሶ ሲገባ የሶኬቱ ጆሮዎች ቀጭ ብለው መያዛቸው ይረጋገጣል። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስገብቶ መሞከር ጥፋተኛውን ይለያል። የቢፕ ድምፅና በማሽኑ ፊት ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭታም ትርጉም አለው፤ ትርጉሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የሞዴሉን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ቀኑ ሲሳሳት ብሮውዘሩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ሰርተፍኬት አልቀበልም ስለሚል ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስላል። በዚች ርካሽ ባትሪ ምክንያት ማሽን ፎርማት ማስደረግ ያሳዝናል።

ከማሻሻያ ሁሉ ለውጡ ቶሎ የሚታየው ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው የቺፕ ዲስክ) መተካት ነው። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና ተንቀሳቃሽ ማንበቢያ ስላለው የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ለማግኘት ጊዜ ይፈጅበታል። በሳታ (በተለመደው የዲስክ ማገናኛ) የሚሰካ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፤ ፋይል ለመፈለግ የሚንቀሳቀስ አካልም የለውም። ዊንዶውሱን እንዳለ ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጥ ስለሚቻል ሁሉን ከዜሮ መጫን ግዴታ አይደለም። አሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከጀመረ ግን ደጋግሞ ማብራት ጉዳቱን ያባብሳል። ቅድሚያው ፋይል ማውጣት ነው።

ራም ሲጨመር ዓይነቱ መመሳሰል አለበት፤ ዲዲአር3 በዲዲአር4 ቦታ አይገባም፣ የመሃሉ ጎድጓዳ ቦታው ይለያያል። ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያቀናብር ተጨማሪ ካርድ) ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ቀጫጭኖቹ የቢሮ ማሽኖች አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላሉ፤ አንዳንድ ኦፕቲፕሌክሶች ደግሞ የማዘርቦርድ ገመዳቸው ከተለመደው ባለ 24 ፒን ስለሚለይ ከገበያ የተገዛ ፓወር ሳፕላይ ያለ አስማሚ ገመድ አይገጥማቸውም። ካርዱ ከመገዛቱ በፊት ሳጥኑን ከፍቶ መለካት ይበጃል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና፣ ከኢንቴል ከሆነ፣ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ደህና የሚሠሩ ብዙ ማሽኖች ከመስፈርቱ ውጭ ቀርተዋል። ለእነዚህ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ጥሩ መጠጊያ ነው፤ ነፃ ነው፣ አማርኛም ይጻፍበታል።

ፍላሽ ላይ ፎልደሮች ጠፍተው ሾርትከት ብቻ ከታየም መደንገጥ አያስፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቋቸዋል እንጂ አላጠፋቸውም። ሾርትከቱን ሳይጫኑ በአንቲቫይረስ አጽድቶ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል።

ፎርማት የግድ ሲሆን ሰነድና ፎቶ ሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጣሉ። የአማርኛ ተጠቃሚ ግን ፎንቶቹንም መያዝ አለበት። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ዩኒኮድ (በሁሉም ማሽን የጋራ የሆነ የፊደል ኮድ) ባልሆኑ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የሚታየው ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው።