«ፎር ኦን ዘ ፍሎር» ምንድን ነው?

ዘፈኑን ሳታውቁት፣ ማን እንደዘፈነው እንኳ ሳትሰሙ፣ እግራችሁ ቀድሟችሁ ወለሉን ሲመታ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። አይፈጥንም፣ አይዘገይም፣ አንዷንም አይዘልም። ሙዚቀኞች ይህን ምት «ፎር ኦን ዘ ፍሎር» ይሉታል። አራቱም ወለል ላይ እንደማለት ነው። የጃዝ ድራም ትልቁ ከበሮ ወለል ላይ ተቀምጦ በእግር ነው የሚመታው፤ ስሙም ከዚያ መጣ።

አብዛኛው የዳንስ ዘፈን በአራት ይቆጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያ እንደገና አንድ። በተለመደው የሶል ወይም የሮክ አመታት ድራመሩ ትልቁን ከበሮ ባብዛኛው አንድ እና ሦስት ላይ ይመታል። ሁለት እና አራት ላይ ደግሞ ስኔሩን፣ ማለትም ጠፍጣፋውን ትንሽ ከበሮ፣ በእጁ ጠበቅ አድርጎ ይመታል። በፎር ኦን ዘ ፍሎር ግን እግር እረፍት የለውም። አራቱም ላይ እኩል ይወርዳል። የእኛ ጆሮ ያደገው በችክችካ ነው። ችክችካ በስድስት የሚቆጠር፣ ወዝወዝ የሚል ምት ስለሆነ የሚጠራው ትከሻን ነው። ይኛው ቀጥ ያለ ነው፤ እግርንና ወገብን ይጠራል።

በእግር አራቱንም መምታት አዲስ ነገር አልነበረም። የድሮ የጃዝ ዳንስ ባንዶችም ያደርጉት ነበር። ዛሬ በምናውቀው የዲስኮ መልኩ የት ተወለደ ብትሉኝ ግን ጣቴን የምቀስረው አንድ ዘፈን ላይ ነው፦ የሃሮልድ ሜልቪን ኤንድ ዘ ብሉ ኖትስ «ዘ ላቭ አይ ሎስት»፣ «ያጣሁት ፍቅር»። ዘመኑ 1973 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ብሉ ኖትስ የአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ ልጆች ናቸው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲዘፍኑ ኖረዋል፤ ዝናው ግን ቶሎ አልመጣም። የመጣው ቴዲ ፔንደርግራስ ፊት ለፊት ሲወጣ ነው። ቴዲ ወደ ቡድኑ የገባው ከበሮ ሊመታ ነበር። ድምፁ ሲሰማ ማይኩን ሰጡት። ሻካራ፣ ወፍራም፣ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ድምፅ ነው። ሸክላው ላይ ጎልቶ የተጻፈው የመሪው የሃሮልድ ሜልቪን ስም በመሆኑ ግን ብዙ ሰው የሚሰማው ድምፅ የሃሮልድ ይመስለው ነበር። የቴዲ ስም ለብቻው ሽፋኑ ላይ እስኪወጣ ጊዜ ወስዷል።

ዘፈኑን የደረሱት ኬኒ ጋምብልና ሊዮን ሃፍ ናቸው። ሁለቱ በ1971 ፊላዴልፊያ ኢንተርናሽናል የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ ያቋቋሙ ናቸው። ሲያስቡት ለስለስ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የሐዘን ዘፈን ነበር። ሲግማ ሳውንድ ስቱዲዮ ገብተው ሲሞክሩት ግን አልሄደላቸውም። ፈጠን አደረጉት። ያኔ ነው ድራመሩ ኧርል ያንግ ታሪክ የሠራው።

ምን እንዳደረገ ቀረብ ብለን እንይ። ቀኝ እግሩ ትልቁን ከበሮ አራቱም ላይ ይረግጣል። ግራ እግሩ ሃይሃቱ ላይ ነው። ሃይሃት ማለት አንድ ዘንግ ላይ ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት ሲምባሎች፣ ማለትም ሳህን የሚመስሉ ክብ ብረቶች፣ ናቸው። ፔዳሉን ስትረግጡት ይጋጠማሉ፣ ስትለቁት ይከፈታሉ። ያንግ በዱምና በዱም መካከል ባለችው ክፍተት ላይ ሲምባሎቹን ከፈት አድርጎ በዱላው ይመታቸዋል፣ ወዲያው ይዘጋቸዋል። «ጽስ» የምትለዋ ድምፅ ያቺ ናት። ዱም‑ጽስ፣ ዱም‑ጽስ፣ ዱም‑ጽስ፣ ዱም‑ጽስ። ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት፤ በመዳፋችሁ ዱሙን፣ በጣታችሁ ጽሱን። ዱሙ መሬት ያስረግጣችኋል፣ ጽሱ መልሶ ያነሳችኋል። ሰው የሚጨፍረው በሁለቱ መካከል ነው።

ለእኔ የዘፈኑ ትልቅ ነገር ግን ሌላ ነው። ግጥሙ የሚያሳዝን ነው። ሰውየው የሚወደውን አጥቶ፣ ዳግመኛ አልወድም እያለ ነው። እኛ እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ የምናዜመው በትዝታ ነው፤ ቀስ ብለን፣ ቁጭ ብለን፣ አንገታችንን ዘንበል አድርገን። እዚህ ግን ሰውየው እያለቀሰ ከበሮው አይጠብቀውም። ቴዲ ይጮኻል፣ ይለምናል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ ያለው እግር ዱም‑ዱም እያለ ወደፊት ይሄዳል። ቀስ ብሎ ቢቀር ኖሮ አንድ ጥሩ የሐዘን ዘፈን ይሆን ነበር። ፈጥኖ ግን ሰው ሐዘኑን ይዞ የሚጨፍርበት ዘፈን ሆነ። የዲስኮ ሙዚቃ ባዶ ጭፈራ ነው ለሚሉ ሰዎች መጀመሪያ የማሰማቸው ይህን ነው።

ዘፈኑ የአሜሪካን የአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ በአንደኝነት መርቷል፤ በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ 7ኛ ደርሷል። አልበሙ ላይ ያለው ከ6 ደቂቃ በላይ ስለሆነ በትንሿ ሸክላ ሲወጣ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም ገጽ ገባ። ለሬዲዮ ረዥም ነው፤ ለጨፋሪ ግን ሞቅ ለማለት ጊዜ ይሰጣል። ለዲጄዎችም ምቱ ተመቻቸው። እግሩ የማይዛነፍ ከሆነ የአንዱን ሸክላ ዱም ከሌላው ዱም ጋር አጋጥሞ ማሻገር ይቻላል፤ ጨፋሪው ከወለሉ አይወርድም።

ከዚያ በኋላ ምቱን የሚያቆመው አልተገኘም። ኧርል ያንግ ራሱ ዘ ትራምፕስ የሚባል ባንድ ነበረው፤ የ1976ቱ «ዲስኮ ኢንፈርኖ» የእነሱ ነው። በ1980ዎቹ የቺካጎ ልጆች ያንኑ እግር በኤሌክትሮኒክ ድራም ማሽን አስረገጡትና ሃውስ ሙዚቃ ተወለደ። ዛሬ በላፕቶፕ የሚሠራው የዳንስ ሙዚቃ ብዙው ይህንኑ ዱም‑ጽስ ይዟል። ቴዲ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከቡድኑ ተለይቶ ብቻውን ገነነ። በ1982 የመኪና አደጋ ሽባ አደረገው፤ ያም ሆኖ ተመልሶ ዘፍኗል። በ2010 አረፈ፤ ነፍሱን ይማረው።

ዘፈኑን ፈልጋችሁ ስትሰሙ ረዥሙን ቅጂ ምረጡ። መጀመሪያ ቴዲን ተዉትና እግሩን ብቻ ተከተሉ። ቀጥሎ ጆሯችሁን ወደ ጽሱ አንሡት። ወደ መጨረሻው ላይ ቴዲ ግጥሙን ትቶ እንደመጣለት ማንጎራጎር ይጀምራል፤ ያኔ ሦስቱንም አንድ ላይ ስሟቸው።